የነርሷ ቤት

«ሶሻል! አለቀ፣ ደቀቀ!»

የእስከዳር አባት እንዳላማው ክርክሩን በዚህ ዘጋው። ነገ ጠዋት የክፍል ኃላፊው መምህር አሥረኛ ክፍሎችን አንድ በአንድ እያስነሱ «ናቹራል ወይስ ሶሻል?» ብለው ይጠይቃሉ። እስከዳር ናቹራል ወስዳ ነርስ መሆን ትፈልጋለች። ሌላ ነገር ፈልጋም አታውቅ።

«አባዬ፣ ነርስ እኮ...»

«ነርስ አንድ አለችኝ። መጀመሪያ እሷን ሥራ አስይዢልኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!»

የእስከዳር ታላቅ እህት ዘመናይ በነርስነት ከተመረቀች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ የሙያ ፈቃድ ፈተናውንም አልፋለች። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ግን አንድ ነርስ ይፈለጋል ተብሎ ማስታወቂያ ሲለጠፍ፣ የሚሰለፈው ሰው ዘይት የሚታደል ያስመስለዋል። ማስታወቂያው ደግሞ «የሥራ ልምድ ያላት» ይላል። ሥራ ሳይሰጧት ልምዱን ከየት ታምጣው? ከቁይ ጤና ጣቢያ የኮንትራት ሥራ መጥቶላት ነበር፤ እንዳላማው «ያስተማርኳት ገጠር ልሰዳት ነው?» ብሎ እምቢ አለ። ስለዚህ ዘመናይ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች። ማታ ማታ ግን የሰፈሩን ግፊት ትለካለች፣ ቁስል ታጥባለች። ጎረቤቱ ቤታቸውን «የነርሷ ቤት» ይለዋል። እንዳላማው ይህን ሲሰማ ይከፋዋል። «ደመወዝ የሌላት ነርስ!» ይላል።

የእስከዳር ጓደኛ ማሬ ግን መላ አላት። «አታካብጂ! ናቹራል በይና ለፋዘርሽ ሶሻል ብያለሁ በይው። በምን ያውቃል?» ብላታለች። እውነቱን ለመናገር፣ የእስከዳር ግማሽ ልብ ወደዚሁ ሄዷል።

በዚህ መሃል የግቢው በር ተደበደበ። ጎረቤታቸው ወለተ ሚካኤል ነበሩ፤ የመሪጌታ አካለ ወልድ ባለቤት። ነጠላቸው መሬት ይጎተታል።

«ነርሷ አለች?»

«የለችም። ምነው እትዬ?» አለች እስከዳር።

«መሪጌታ! ለቅዳሴ ሊወጡ ሲሉ ላብ በላብ ሆኑ፣ ይንቀጠቀጣሉ። ጸበል ብረጭባቸውም አልተሻላቸው!»

እንዳላማው ባጃጅ ሊጠራ ወደ አስፋልቱ ሮጠ። እስከዳር ደግሞ ወደ ጓዳ ገብታ የሻይ ስኳር ያለበትን ጣሳ ይዛ ወጣች። መሪጌታ የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነው።

ቤታቸው ስትደርስ መሪጌታ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ልብሳቸው ርሷል፣ ዓይናቸው ይንከራተታል።

«መሪጌታ፣ ጠዋት መርፌዎን ተወጉ?»

«እንዴታ! መድኃኒት አላቋርጥም» አሉ፣ ምላሳቸው እየተሳሰረ።

«እህልስ ቀመሱ?»

«በሁዳዴ? ቅዳሴ ሳይወጣ?»

ነገሩ ገባት። መርፌው ስኳራቸውን አውርዶታል፣ ሆዳቸው ባዶ ነው። ዘመናይ ለፈቃድ ፈተናው ስታጠና ጥያቄውን የምታነብላት እስከዳር ነበረች፤ ሳታስበው አብራ አጥንታለች። ስልክ ደወለችላት።

«መዋጥ ከቻሉ አሁኑኑ ስኳር ይጠጡ! እየመጣሁ ነው!» አለች ዘመናይ።

እስከዳር ስኳሩን በውኃ በጠበጠች። መሪጌታ ግን አፋቸውን ገጠሙ።

«ይህን ከቀመስኩ ቅዳሴ አልገባም። የለም!»

«መሪጌታ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። የታመመ ሰው ባይጾም አይፈረድበትም አላሉንም? ወይስ ያስተማሩት ለእኛ ብቻ ነው?»

ወለተ ሚካኤል ደንግጠው አፋቸውን ያዙ። መሪጌታን እንዲህ የሚናገር ልጅ በሰፈሩ የለም። መሪጌታ ልጅቷን ትክ ብለው አዩና ብርጭቆውን ተቀበሉ።

ባጃጁ ሲደርስ ላባቸው ደርቆ ነበር። «ምን ታፈጥጪብኛለሽ? ዳቦ አምጪ እንጂ!» ብለው ሲቆጡ፣ ሚስታቸው እልል ለማለት ትንሽ ቀራቸው። ዘመናይ ጣቶቿ በፎቶ ኮፒው ቀለም እንደ ጠቆሩ እያለከለከች ገባች። ስኳራቸውን ለካች።

«መርፌ ተወግቶ ባዶ ሆድ አይሆንም» አለቻቸው። «ነገ አብረን ሐኪምዎ ጋ እንሄዳለን። የነፍስ አባትዎም ይምጡ፤ ጾሙንና መድኃኒቱን እዚያው ተነጋግረው ያስታርቁት።»

ሰፈሩን ሁሉ የሚቆጡት መሪጌታ እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው ሰሟት። እንዳላማው በሩ ላይ ቆሞ ሁሉን ያያል።

በማግስቱ ጠዋት እንዳላማው ደጅ ቆሞ የጤፍ ጭነት ይጠብቃል። እስከዳር ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። የማሬ ምክር አሁንም ቀላል ነው፤ «ደህና ዋል» ብሎ ማለፍ ብቻ። ግን ትናንት መሪጌታን ፊት ለፊት የተናገረች ልጅ ዛሬ አባቷን ልትዋሽ መሆኑ አሳፈራት።

«አባዬ፣ ናቹራል ነው የምለው። ሳልነግርህ ልሄድ ነበር።»

እንዳላማው ዞር ብሎ አያት። «ሥራ ብታጪስ?»

«ቁይም ቢሆን ሄጄ እሠራለሁ። ዘመናይም እኮ እሺ ብትላት ትሄድ ነበር።»

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ስልኩ ጮኸ። ከደብረ ኤልያስ ጤፍ ጭኖ የመጣው ሹፌር ነው፤ ሰፈሩ ጠፍቶታል። አባቷ ለሹፌሮች የሚለውን እስከዳር በቃሏ ታውቀዋለች፤ «የእህል ነጋዴው የእንዳላማው ቤት በል።»

«ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች ውረድ» አለ እንዳላማው። እስከዳርን አየት አድርጎ ቀጠለ። «ከዚያ የነርሷ ቤት የት ነው ብለህ ጠይቅ። ማንም ያሳይሃል።»

እስከዳር የቦርሳዋን ማንገቻ አጠበቀችና ወደ ትምህርት ቤት መንገድ ጀመረች።