የለይኩን ቤት ሁለተኛው ሬዲዮ

ማመን አለማመን የናንተ ፋንታ ነው። እኔ የዚያ ቤት የአጥር ጎረቤት ነኝ... ያየሁትን አይቻለሁ። ያላየሁትን ደግሞ የቤቱ ልጅ ኤልቃና ራሱ ነው የነገረኝ።

ሐሙስ ነው። ሐምሌ አሥራ ሰባት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ሌሊት ቢሆን ኖሮ "እንቅልፍህ ነው" ትሉኝ ነበር። በቀን ነው!

ከኮተቤ ሽቅብ ወደ ተራራው ሲወጣ፣ አስፋልቱ አልቆ ባህር ዛፉ ሊጀምር ሲል ነው ቤታችን። በዚያን ቀን ጉሙ ከጫካው ወርዶ የቆርቆሮ አጥራችንን ውጦት ነበር።

ኤልቃና ሳሎን ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ከዋይፋዩ ራውተር ጋር ይታገላል። በዚያ ብርድ ላብ አጥምቆታል።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ያ ራውተር ካልሰራ እናቱን ሊያጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቱ ጋሽ ለይኩን አምና በሐምሌ "መጣሁ" ብለው ወደ ጫካው ወጡ። በዚያው ቀሩ። ስልካቸውም አብሯቸው ጠፋ። ፖሊስ ፈለገ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ምእመናን ጾመው ጸለዩ፣ ሰፈሩ ጫካውን አሰሰ... ምንም።

ድንኳን አልተተከለም። ሚስታቸው እትዬ የሺሃረግ "ሬሳውን ያላየሁትን ሰው አላለቅስም!" ብለው እምቢ አሉ።

ከዚያ ወዲህ አእምሯቸው እየሳተ ሄደ። ሰው ዘወር ካለ በባዶ እግራቸው ወደ ተራራው ነው፣ ባላቸውን ፍለጋ። በር ሲቆለፍባቸው ግንባራቸውን ከብረቱ ጋር ያላትማሉ።

ስለዚህ ጋሽ ለይኩን ድሮ ለሌባ ብለው የገዙት ካሜራ መኝታ ቤታቸው ተሰቀለ። እሳቸው ሲነሱ የኤልቃና እህት የፀደንያ ስልክ ይጮኻል፤ እሷ ለኔ ትደውላለች፤ እኔ ሮጬ እይዛቸዋለሁ። እንዲህ ነበር የምንኖረው።

በዚያ ሳምንት ራውተሩ ደጋግሞ ሲቋረጥ፣ ኤልቃና የፋብሪካውን ሶፍትዌር አጥፍቶ ከኢንተርኔት ያገኘውን ሌላ ጫነበት። ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው እኮ ጣቱ አያርፍም!

ራውተሩ ውስጥ ዋይፋይ የሚረጩ ሁለት ሬዲዮዎች አሉ። አንዱ ፈጣን ሆኖ ግድግዳ ማለፍ የሚያቅተው፣ ሁለተኛው አዝጋሚ ሆኖ ሩቅ የሚደርስ። ካሜራው የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው። አዲሱ ሶፍትዌር ሲጫን የመጀመሪያው ተነሳ... ሁለተኛው ሞተ።

ካሜራው ታወረ። ማክሰኞ ዕለት እትዬ የሺሃረግን እንጨት ለቃሚ ሴቶች ናቸው ከገደል አፋፍ የመለሱልን።

የኤልቃና ፈቃድ ሐሙስ ያልቃል። አርብ ሥራ ካልገባ ይባረራል።

"ተነስ እንጂ... በኢየሱስ ስም ተነስ!" ይለዋል ራውተሩን።

አጠፋ፣ አበራ። ሬዲዮውን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አወጣ፣ መለሰ። "ሬዲዮው አልተገኘም" ይላል ስክሪኑ።

ፀደንያ አያት ሰፈር ካለው መሥሪያ ቤቷ ሆና ስልክ ላይ ናት።

"ምን ደረሰ?"

"እንቢ አለኝ ፀዲ... እንቢ አለ።"

"ማን ነካካ አለህ? እማን ገደልካት በለኛ!"

እንባው መጣ።

በመጨረሻ አንድ የቆየ ድራይቨር አግኝቶ ጫነ። ከዚያ ባለሙያ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፤ የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ ልክ እንደ ድሮው ጻፈው። "የለይኩን ቤት"። እንዲህ ከሆነ፣ ድሮ ቤቱን የሚያውቅ ዕቃ ሁሉ ማንም ሳይነካው ራሱ ይገባል። ጋሽ ለይኩን ለሰው አይሰስቱም ነበርና ፓስወርዱን ለኔም ሰጥተውኛል፤ ስልኬ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

ሬዲዮው ተነሳ።

"ታየኝ!" ፀደንያ ጮኸች። "እማ አልጋዋ ላይ ናት! ተመስገን!"

ኤልቃና ወለሉ ላይ ተዘርሮ አለቀሰ።

ቀና ሲል የገቡትን ዕቃዎች ዝርዝር አየ። አንደኛ ካሜራው። ከሥሩ ደግሞ...

"የአባ ስልክ"።

ከጎኑ 89 የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩ ሲበዛ ዕቃው ሩቅ ነው፣ ሲያንስ ቅርብ ነው። 89 ማለት ጫካው ጋ ነው።

"ፀዲ..." አለ በሹክሹክታ። "የአባ ስልክ ገባ።"

"ምን?"

"ከላይ ነው... ከጫካው።"

"ዓመት ሙሉ ቻርጅ ሳይደረግ? ኤልቃና፣ ንቀለው! አሁኑኑ ንቀለው!"

አልነቀለውም። እናንተስ ብትሆኑ? አባት እኮ ነው! ደግሞ ከነቀለው ካሜራውም አብሮ ይታወራል።

86... 81... ቆመ።

77... ቆመ።

ጋሽ ለይኩን ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። አሥር እርምጃ ሄደው ነው የሚያርፉት።

"ኤልቃና..." የፀደንያ ድምፅ ተለወጠ። "እማ ተነስታ አልጋ እያነጠፈች ነው። ሁለት ትራስ አደረገች።"

ከመኝታ ቤት የእትዬ የሺሃረግ ድምፅ መጣ። የጤነኛ ሰው ድምፅ።

"አንተ ልጅ፣ ተነስና በሩን ክፈት። አባትህ ደክሞታል።"

52... 47... ቆመ።

ውሻቸው አልጮኸም። የማገዶው ክምር ሥር ገብቶ ይንቀጠቀጣል።

ኤልቃና ወጥቶ የግቢውን በር ከፈተ። "አባ?" ሲል ሰምቼ እኔም ወጣሁ። ጉም ብቻ ነው ያለው። ሁለታችን በሩ ላይ ቆመናል፤ ማንም አልገባም፣ ማንም አልወጣም። በዚህ እምላለሁ።

ከያዘው ስልክ የፀደንያ ጩኸት ተሰማ። "ካሜራው ጨለመ! እማ አትታየኝም!"

ሮጠን ገባን። ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሩ 20 ይላል። 20 ማለት ቤት ውስጥ ነው።

መኝታ ቤቱ ባዶ ነው።

መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፣ ከውስጥም እንደተዘጋ ነው። ሁለቱም ትራሶች ጎድጉደዋል። ከእትዬ ጫማ ጎን የጋሽ ለይኩን ቦት ጫማ ተቀምጧል፣ ጭቃው ገና እርጥብ ነው። ካሜራው የለም። የመብራት ገመዱ ግን ሶኬቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ኤልቃና ያኔ ነው ራውተሩን የነቀለው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ፖሊስ መጣ፣ ጫካው ታሰሰ... ምንም። ኤልቃና ፀደንያ ጋ፣ አያት ኮንዶሚኒየም ገባ። እህል አይቀምስም። "እኔ ነኝ የጠራኋቸው" ይላል ብቻ።

እሑድ ከሰዓት ላጽናናቸው ሄድኩ። ራውተሩ ባዶው ቤት ውስጥ፣ እንደተነቀለ ነው። እሱን አትርሱብኝ።

ሻዬን ሳልጨርስ ስልኬ ነዘረ። ዋይፋይ ገብቷል።

"የለይኩን ቤት"።

ምልክቱ ሙሉ ነው።

ወዲያው የፀደንያ ስልክ ጮኸ። የጠፋው ካሜራ ማስጠንቀቂያ ነው። ሦስታችንም ተደፋንበት።

ደረጃ ይታያል። የዚሁ ሕንፃ ደረጃ። ምስሉ አሥር እርከን ይወጣል... ያርፋል። አሥር እርከን ይወጣል... ያርፋል።

"እማ ናት" አለ ኤልቃና። ብድግ አለ።

ክንዱን ያዝኩት። "እንዳትከፍት! ስማኝ ልጄ፣ እንዳትከፍት!"

"እማዬ ናት... ይልቀቁኝ ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይልቀቁኝ!"

መንጭቆኝ ወደ በሩ ሄደ። እኔ ዓይኔን ከስክሪኑ ማንሳት አቃተኝ። ምስሉ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ። የፀደንያ በር ፊት ለፊት ቆመ።

ስክሪኑ ላይ በሩ ተከፈተ። የኤልቃና ፊት ታየ... እየሳቀ፣ "ግቡ፣ ግቡ" እያለ።

ቀና አልኩ።

ኤልቃና ገና ሳሎኑ መሃል ቆሟል። በሩም እንደተቆለፈ ነው።