የአንቱታ አየር

እንዝርት በተባለችው የጠፈር መርከብ አየር የሚታደለው ወሬ ተሰምቶ ነው፤ ይህም ማንንም አይገርምም። ግድግዳው ጆሮ አለው። ማን ከማን ጋር እንደዋለ፣ ስለ ማን እንደተወራ ይሰማና ሰውን ቋጠሮ፣ ግንኙነቱን ክር አድርጎ መረብ ይሠራል። ከመረቡ ውስጥ የሚደጋገመውን ቅርጽ እየመረጠ የሚያወጣው ማሽን "ለቃሚ" ይባላል። ሰው ይበዛበታል ብሎ ላመነው ክፍል አየር ይጨምራል።

ለቃሚን የሠራው መንግሥታብ ነው፤ ሰውን ሁሉ በመናቅ የሚኮራ የመሐንዲሶች አለቃ። ለቃሚ ፈጣን የሆነው፣ ትንሹ ቅርጽ እምብዛም የማይደጋገም ብርቅ ከሆነ እሱን ያቀፈውን ትልቁን ሳያይ ስለሚጥል ነው። መንግሥታብም ሰውን እንዲሁ ጥቂቱን አይቶ ይጥል ነበር። "አንድ አለቃ፣ ሦስት አሽቃባጭ፤ ሁለት ጎረቤት፣ አንድ የሚታማ። ከዚህ ሌላ ምን አላችሁ?" ይላል አፉን አጣሞ።

አንድ ጠዋት የትምህርት ቤቱ አየር ሳስቶ ልጆቹ ማለክለክ ጀመሩ። የጎደለው አየር የሚገባው፣ ሰሞኑን ታመው ብቻቸውን ወደተኙት አሮጊት አዋላጅ፣ ወደ ወይዘሮ አስናቁ ክፍል ነበር። መንግሥታብ ባልደረባውን ትርሲትን አስከትሎ በሩን በረገደው።

"የደበቅሻቸውን ሰዎች አውጪ!"

"እኔው ነኝ፣ ልጄ። በዚህች ጠባብ ክፍል ደግሞ ማንን ልደብቅ?" አሉ ወይዘሮ አስናቁ፣ ከአልጋቸው ቀና ብለው።

ትርሲት አፈረች። "እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። እንዴት አደሩ?"

ይህን ስትል ግድግዳው ላይ ያለው የአየር መቁጠሪያ ሽቅብ ዘለለ። መንግሥታብ ዐይኑን አጠበበ።

"እስቲ ድገሚው።"

"እንዴት አደሩ?"

መቁጠሪያው አሁንም ጨመረ። መንግሥታብ ሳቁን ለቀቀው። ለቃሚ "አደሩ" ሲባል ብዙ ሰው ያደረ መስሎታል! አሮጊቷን የመርከቧ ሰው ሁሉ አንቱ ይላቸዋል፤ ከታመሙ ወዲህ "በሉ ወይ? ተሻላቸው ወይ?" ሲባል ይውላል። ማሽኑም ሕዝብ አድርጓቸው ቁጭ አለ። አንቱታን ያላስተማረው ራሱ መንግሥታብ ነው፤ መቼ ካፉ ወጥቶት ያውቅና!

በሳቁ መሃል ግን አንድ ነገር ከነከነው። "እኔንስ ሁሉም እርስዎ ይለኝ የለ? የኔ ክፍል ታዲያ ለምን አልሞላም?"

"እሱን እንኳ ይተዉት" አለች ትርሲት።

አልተወውም። ቢሮው ተመልሶ መረቡን ከፈተ። ለቃሚ በመርከቧ እጅግ ተደጋጋሚ ብሎ የለቀመው ቅርጽ ከላይ ተቀምጧል፦ ፊት ለፊት ሲጠሩት ብዙ፣ በሌለበት ሲያነሱት አንድ። ማሽኑ እንግዶቹ ሄደውበት ብቻውን የቀረ ሰው እየመሰለው፣ የአንድ ሰው አየር ብቻ ይልካል። ከሥሩ የአለቆቹ ክፍል ሁሉ ተደርድሯል፤ ቀዳሚው የመንግሥታብ ነው። በሌሉበትም እንደ ብዙ የሚጠሩት ወይዘሮ አስናቁ ብቻ ናቸው፤ የሳቸው ቅርጽ ብርቅ ነው ተብሎ ከዝርዝሩ ተጥሏል።

ፊቱ ጠቆረ። አንቱ የሚባልም ሰው አንድ መሆኑን ለማሽኑ አስተማረው። አየሩ ወደ ልጆቹ ተመለሰ፤ አሮጊቷም ድርሻቸውን አላጡም።

"እርስዎ ባይኖሩ ምን እንሆን ነበር!" ብላ ትርሲት እጅ ነስታ ወጣች።

በሩ ገና ሳይገጠም፣ ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ሲጠይቃት ተሰማ።

"ጨረሰ?"

"ጨረሰ" አለች።

ለቃሚ ከእንግዲህ ይህን ልዩነት አይሰማም፤ የሚሰማው መንግሥታብ ብቻ ነው።