ጭነቱን አንሡለት

መንፈስ ታየኝ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲያወራ፣ አክብሬ ዝም እላለሁ እንጂ፣ በልቤ «ይኼ ሰው እንቅልፍ አጥቷል» የምል ሰው ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ መሰለኝ፣ ብቻ ይኼን አንዱን ነገር የት እንደማስቀምጠው አላወቅሁም።

ታላቅ ወንድሜ ጌጡ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪውን ይማር ነበር። ጥናቱ ያረጀ የመኪና ጎማ ተፈጭቶ ከአሸዋ ጋር ሲደባለቅ ምን ያህል ክብደት እንደሚችል ነው፣ ግን በእጅ አይደለም፣ በኮምፒውተር ነው፤ ግራጫው ክብ አሸዋ፣ ጥቁሩ ክብ ጎማ፣ ሣጥን ውስጥ ያፈሳቸውና ከላይ በጠፍጣፋ ነገር ይጫናቸዋል። ሳንባውን ታሞ ንፋስ መውጫ ከተማ እኛ ቤት መጥቶ ሲተኛም ላፕቶፑ ከጎኑ አልተለየም። የመጨረሻውን ሙከራ ሳይጨርስ… አረፈ።

አርባው በወጣ ማግሥት ጓደኛው ሰሎሞን መጣ። አስተማሪዎቹ ያ ሙከራ ከተሟላ ጽሑፉ በስሙ ይያዝለታል ብለዋል፣ ካልተሟላ ልፋቱ ሁሉ እንዲሁ ይቀራል። ቀን ነው፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታለች። ሰሎሞን ኮምፒውተሩን እየከፈተ፣ «እኛማ በረባሶ ሰፊው ነበር የምንለው፣ ጎማ ጎማ ሲል!» አለ፣ እናቴም ጥቂት ፈገግ አለች። ከዚያ ቀረብ ብላ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሣጥን አየች።

«ይኼ ከላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ጭነት ነው እማማ፣ አፈሩን የሚጫነው።»

አፈር ሲል ደነገጥኩ። በቀብሩ ዕለት አፈሩን ሲመልሱበት እናቴ «ቀስ በሉ» እያለች ሰዎች ይዘዋት ነበር።

«አንሡለት የኔ ልጅ።»

«እማማ፣ ይኼኮ እሱ አይደለም…»

«አውቃለሁ፣ አላበድኩም። አንሡለት።»

ሰሎሞን እኔን አየኝና ጭነቱን አነሣው። ድብልቁ ከፍ አለ፤ ይህ ያለ ነው፣ ጎማ ሲለቁት ይመለሳል። ግን ቀጥ ማለት ሲገባው ዝቅ አለ፣ ደግሞ ከፍ አለ። ቶሎ ቶሎ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ አንዴ በቀስታ። እመኑኝ፣ ያን አካሄድ አውቀዋለሁ፤ መጨረሻ ሰሞን እጄን በጌጡ ደረት ላይ አድርጌ ትንፋሹን እየጠበቅኩ የማድረው እኔ ነበርኩ።

ሰሎሞን «ጌጡ መወዛወዙን የሚያረግበውን ቁጥር ረስቶት ነው» አለና ፈለገው፣ አገኘው፣ አልተረሳም።  ድምፅም ነበር፣ ቀጭን፣ አሸዋ በወንፊት ሲያልፍ ዓይነት፤ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ነው ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ ማራገቢያው ቆሟል።

«ለመጨረስ እንደገና መጫን አለበት» አለ ሰሎሞን፣ እጁን ግን ከጉልበቱ አላነሣም። «አንተ ብታደርገው ይሻላል።»

እናቴን አየኋት።

«የጀመረውን ይጨርስ» አለች፣ «ብቻ ቀስ አድርገህ።»

ቁልፉን ተጫንኩ። ጠፍጣፋው ወረደ፣ ድብልቁም ቻለው፣ ሰሎሞን ይፈርሳል ካለው አልፎ ቻለው፣ ከዚያ ተንሸራትቶ ፈረሰ። ድምፁም ቆመ። ውጤቱ ተገኘ፣ ጽሑፉም በስሙ ተያዘለት። ሰሎሞን በኋላ ያንኑ ሙከራ ደጋግሞ ሞክሮት፣ ጭነቱ ሲነሣ አንዴ ከፍ ብሎ ቀጥ ይላል አለኝ፣ እኔም እሺ አልኩት።

እናቴ ስለዚያ ቀን አንሥታ አታውቅም። እኔም አንድ ነገር አልነገርኳትም፦ ቁልፉን ስጫን፣ ከሥሩ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ጣቴን ወደ ላይ ገፍቶት ነበር።