መስኡዳ የምትወደው

«ናኒ ጋ ሱኪ ደስ ካ? ምን ትወጃለሽ?» አላት ሱሩር፣ በጃፓንኛም በአማርኛም።

መስኡዳ ሳታስብ በጃፓንኛ መለሰች፦ ሱሺና ቴኒስ።

«ሱሺ የት በላሽ?»

«መጽሐፉ ነዋ ያለው!»

ሌሎቹ ሁለት ተማሪዎች ሳቁ። የሚማሩባት ክፍል ሐይቅ ከተማ፣ ከጨርቅ ሱቅ በላይ ናት፤ ሱሩር ኮሌጅ ሳለ ከስልኩ የለቀመውን ጃፓንኛ የሚያስተምርባት። መስኡዳ ሰባት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ጃፓን ሄዳ አረጋውያንን ለመንከባከብ አስባለች፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀጣሪዎቹ በቪዲዮ ይጠይቋታል።

«እሺ፣ ከልብሽ የምትወጂው ምግብ?»

«ያገኘሁትን እበላለሁ፤ አልሀምዱሊላህ።»

«እሱ ምስጋና ነው። የጠየቅኩሽ የምትወጂውን ነው።»

ደብተሯን ማገላበጥ ጀመረች። የጠፋት ቃሉ ሳይሆን መልሱ መሆኑ ያን ጊዜ ገባው። የሌሎችን የሻይ ስኳር ልክ በቃሏ ይዛ ኖራለች፤ የራሷን የጠየቃት የለም።

«በየቀኑ አንድ የምትወጂውን፣ አንድ የማትወጂውን ፈልገሽ አምጪ» አላት።

አመጣች። ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ዓሣ ትወዳለች፣ ያውም ጭንቅላቱን። የበረኪና ሽታ አትወድም። ከውጫሌ ስትመለስ አውቶቡስ ላይ መስኮት ጋ መቀመጥ ትወዳለች። ከውጭ የሚቆለፍባት በር አትወድም። አንድ ቀን ደግሞ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ፣

«ሱሩር! ለካ የምወደው ስኳር የሌለው ሻይ ነው! ወላሂ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በሦስት ማንኪያ ስጠጣ!»

ሱሩር ጠመኔውን እንደያዘ ቀረ። ሰው ፊቱ ቆሞ፣ ዓይኑ እያየ፣ እንዲህ ሲወለድ አይቶ አያውቅም።

እናቱ ዙሌይካ፣ ልጃቸው መስኡዳን መውደዱ አላመለጣቸውም። «ሽማግሌ ልላክ። አባቷ እሺ ይላሉ፤ እሷ ዝም ትላለች፤ ዝም ካለች ወዳለች ማለት ነው። ጃፓኑም ይቀራል።»

እውነታቸውን ነበር፤ ያስፈራውም ይኸው ነው። «ቆይ እማ፣ መጀመሪያ እሷን ልጠይቃት።»

«ኧረ ይሄ ልጅ አበደ!»

መስኡዳ የቪዲዮ ፈተናውን ያለፈች ዕለት ከሱሩር ጋር ሐይቁ ዳር ወረዱ። ውኃው ጸጥ ብሏል።

«ሽማግሌ ልልክ ነበር» አላት። «ምን ትወጃለሽ?»

ጠጠር አንስታ ወደ ውኃው ወረወረች። አላጣደፋትም።

«አንተን እወዳለሁ» አለች በአማርኛ። «መሄዱንም እወዳለሁ። አንተስ? እስከ ዛሬ ጠያቂ ብቻ ነህ።»

«እንድትቀሪ እወዳለሁ።»

ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል፣ «ሰማሁህ» አለችው። «ግን አልቀርም።»

ሊከፋው ይገባ ነበር። ግን ተደነቀ፤ ባትቀርም አምናው እውነቱን ነግራዋለች።

«እንግዲያውስ ሽማግሌዎቹ ይምጡ?»

«ይምጡ። ዝም እንደማልል ግን ለእናትህ ንገራቸው።»

ሽማግሌዎቹ መጡ። አባቷ አብዱልሰመድ እንደ ወጉ ልጃቸውን ጠርተው ጠየቁ። መስኡዳ መሬት መሬት አላየችም።

«ሱሩርን እወዳለሁ። ኒካሕ አስሬ ጃፓን ሄጄ መሥራት እወዳለሁ። ሦስት ዓመት ሲሞላ ተመልሼ ከእሱ ጋር ሐይቅ መኖር እወዳለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው መቁጠሪያው ከእጁ ወደቀ።

አባቷ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ከጅዳ የመጣች ዕለት እንኳ እንዲህ አላዩዋትም።

«ሌላስ ልጄ?» አሉ ቀስ ብለው። «ሌላስ ምን ትወጃለሽ?»