የአቶ አሎንዞ የጉልበት ቅባት

አቶ አሎንዞ ፔትዌይ በጃንዋሪ አንድ፣ በአዲስ ዓመት ቀን፣ ገበታ ላይ፣ የጎመን መረቃቸውን ኩባያ እንደያዙ ወደ ጎን ዘመም አሉ። ቀልደኛ ሰው ስለነበሩ ቤተሰቡ መጀመሪያ ሳቀ። አምቡላንስ ደርሶ ለምርመራ ደም ሲወሰድላቸው ገና ይተነፍሱ ነበር፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ግን አበቃ።

በማግስቱ የአስከሬን ምርመራ ቢሮ ባልደረባ ወይዘሮ ቨርዴል ሃይታወር ማኮን ከተማ ወዳለው ቤታቸው መጡ። በሩን የከፈተችላቸው የሟች የእህት ልጅ ኦዴት ነበረች። ከሆስፒታሉ የመጣው ወሬ አጭር ነው፤ በአጎቷ ደም ውስጥ ልብ የሚያቆም ፖታሲየም ተገኝቷል። ጎመኑን የቀቀለችው እሷ ናት። የግፊት ኪኒኑን ጠዋትና ማታ የምትሰጣቸውም እሷው። ከታሰረች የሦስት ዓመት ልጇን የሚያሳድግላት ሰው የለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስፈራራት ያደረው ይኸው ሐሳብ ነበር።

«ምን ይጣራል?» አለ የሟቹ ልጅ ሩፈስ፣ ገና ሳይጠየቅ። «ኪኒን አብዝታ ሰጥታው ነው። ኪኒኑን ሌላ ማን ይነካዋል?»

«አንተ ቀስ በል» አሉት ወይዘሮ ቨርዴል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?»

የሟቹ ወንበር ላይ ተቀመጡና ዙሪያውን አዩ። በወንበሩ ክንድ ላይ የቅባት ብልቃጥ ነበር። ከፍተው አሸተቱት፤ ካምፎር ይሸታል።

«ይሄ የምን ነው?»

«የጉልበት» አለች ኦዴት። «ጉልበቱን ያመው ነበር። ድሮ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ነበር የሚወስደው። ኦክቶበር ላይ ዶክተር ቦይኪን ኪኒኑን ከለከሉትና ይሄን ተቀባ አሉት።»

«ለምን?»

«አልነገሩትም፤ እሱም አልጠየቀም። በዚህ ቤት ዶክተር ካሉ አለቀ።»

ወይዘሮ ቨርዴል ብልቃጡን አልመለሱትም፤ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወደ ሟቹ ባለቤት ዞሩ። «እትዬ ኧርሊን፣ ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«ስልሳ አንድ። የዩኒቨርሲቲው የእርጅና ጥናት ግን ደሙን መርምሮ፣ ሰውነትህ የሰባ አራት ዓመት ሰው ነው አለው። ካርልን፣ ነጩን ጎረቤታችንን፣ እኩያውን፣ ሃምሳ ስምንት አሉት። "እኔ ታላቁ ነኝ፣ ሣሬን ይጨድልኝ" እያለ ያስቀን ነበር። አልጋ ላይ ግን እንቅልፍ አልነበረውም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የምናገረው አለኝ ይል ነበር፤ ምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

«ትናንት መረቁን የጠጣው ማን ነው?»

«እሱ ብቻ። የአዲስ ዓመቱን አተርና ጎመን ሁላችንም እንበላለን፤ መረቁ ግን የአባወራው ነው። በአባቱም ጊዜ እንዲሁ ነበር።»

ወይዘሮ ቨርዴል ጠረጴዛው ላይ ካለው የጨው ዕቃ በጣታቸው ነክተው ቀመሱ፤ ፊታቸው ተኮማተረ።

«ይመራል።»

«ጨው አይደለማ» አለች ኦዴት። «ዶክተር በቅርቡ ያመጡለት ነው። ለደም ግፊት የማይጎዳ የጨው መተኪያ ነው ብለው። የግፊት ኪኒኑን የቀየሩለትም ያኔ ነው። ትናንትም ዕቃውን ራሳቸው ሞልተው "እንደ ልብህ ነስንስ" አሉት።» ይህን ብላ ራሷን ያዳነች መስሏት ነበር። ሴትዮዋ ግን የጨው ዕቃውን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ዶክተሩን ጥሩልኝ» አሉ።

ዶክተር ቦይኪን ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። የዚያ ሰፈር ሰው ሁሉ በእጃቸው ያለፈ፣ እንደራሱ ጥቁር በመሆናቸው የሚኮራባቸው፣ በኤፕሪል አዲስ ክሊኒክ በስማቸው የሚሰየምላቸው ሽማግሌ ናቸው። ኦዴትን ትከሻዋን ዳበስ አደረጓት። «አይዞሽ ልጄ፤ ሰው ይሳሳታል» አሉ። ከዚያ ቃል በኋላ ፍርሃቷ ባሰ።

«እሷ አልተሳሳተችም» አሉ ወይዘሮ ቨርዴል። «ተቀመጡ፤ ሁላችሁም። ይሄ የጨው መተኪያ ፖታሲየም ነው። አዲሱ የግፊት ኪኒን ደግሞ ፖታሲየም ከሰውነት እንዳይወጣ ይይዛል። ኩላሊቱ ጤነኛ ሰው ይችለዋል። ኩላሊቱ የደከመ ግን ይሞታል።»

«እኮ!» አሉ ዶክተሩ። «የአሎንዞ ኩላሊት ጤነኛ ነበር። መዝገቤን እዩት።»

«አይቼዋለሁ። የለኩት በድሮው ሂሳብ ነው። በድሮው ሂሳብ ጥቁር ለሆነ ሰው የኩላሊቱ ቁጥር ላይ ይጨመርለታል፤ ገበያ ላይ ቲማቲም እንደሚመረቀው፣ ጤና ይመረቅለታል። በወረቀት ደህና ሆነን በገላችን አለቅን። ሂሳቡ ከተቀየረ ቆየ፤ እርስዎ ግን አልቀየሩትም። እርስዎን እየጠበቅን የእርጅና ጥናቱ ጋ ደወልኩ። የአቶ አሎንዞ ኩላሊት ሊቆም የቀረበ እንደነበር ኦክቶበር ላይ ነግረዋቸዋል። ውጤቱን ለሐኪሜ አሳያለሁ ብለው ነው የወጡት።»

«እኔ ጋ አላመጣውም። ስለዚህ አላወቅሁም። አለማወቅ ወንጀል ነው?»

ወይዘሮ ቨርዴል ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ያ የጉልበት ኪኒን የደከመ ኩላሊትን ይጨርሳል። ጤነኛ ነው ካሉ ለምን ከለከሉት?»

«ለጨጓራው ብዬ ነው።»

«ጨጓራ?» አሉ ወይዘሮ ኧርሊን ቀስ ብለው። «አሎንዞ ጨጓራ የለበትም። ያለብኝ እኔ ነኝ። ለኔ ግን ያንኑ ኪኒን ለወገብሽ ብለው አዘዙልኝ።»

ዶክተሩ ቆባቸውን ያሽከረክሩ ጀመር።

«ኦክቶበር ላይ ያውቁ ነበር» አሉ ወይዘሮ ቨርዴል። «መጀመሪያ ሊያተርፏቸው ፈለጉ፤ ኪኒኑን ያስቆሙት ለዚህ ነው። በኋላ አቶ አሎንዞ የድሮውን ሂሳብ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እናገራለሁ ሲሉ፣ እርስዎ ጨውና አዲስ ኪኒን ይዘው መጡ። ለኩላሊት ብሎ ኪኒን የከለከለ ሐኪም፣ ኩላሊቱ የደከመን ሰው የሚገድል ነገር በስህተት አያመጣም።»

«እስከ ኤፕሪል ታገሰኝ ብዬ ለመንኩት» አሉ ዶክተሩ። «አርባ ዓመት ሙሉ ያከምኩት ሰው ሁሉ ሊጠላኝ ነው አልኩት። እምቢ አለ። "ሌሎቹስ?" አለኝ።»

ከወይዘሮ ቨርዴል ጋር መጥቶ ውጭ ይጠብቅ የነበረው ፖሊስ ገባ። ኦዴት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፤ ዛሬ ማታ ልጇን አቅፋ ትተኛለች። ሩፈስ ሊያያት አልቻለም።

ዶክተሩ በሩ ጋ ሲደርሱ ወይዘሮ ኧርሊን ከኪሳቸው የኪኒን ብልቃጥ አወጡ። ግማሹ አልቋል።

«ዶክተር፣ የኔን ኩላሊት የለኩት በየትኛው ሂሳብ ነው?»

ሰውየው ፊታቸውን አላዞሩም።

«በድሮው» አሉ።

ሩፈስ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። «ተነሺ እማዬ» አለ፤ ከዚያ ወደ ኦዴት ሳያይ፣ «አንቺም ነይ። ሁላችንም እንለካ።»

ኦዴት የአክስቷን ካፖርት አነሳች።