ከፀሐይ ኋላ የቀረው ሳጥን

ከፈለ ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሙኑኪ በተባለው የጁባ ሰፈር በተከራየው ግቢ ጓሮ ነው። ማጅራቱን ተመትቶ በደረቱ ተደፍቷል። ከአጠገቡ ሳህን የሚመስል ትልቅ የፀሐይ ምድጃ ተገልብጧል፤ ከማቆሚያው የወለቀ ብረት ደም ደርቆበት ወድቋል። ሰውየው ኑሮው የፀሐይ ምድጃ እየሠራ መሸጥ ነበር። የጁባ ሴቶችን ከከሰል ጭስ አወጣለሁ እያለ ሲለፋ የኖረ ሰው በገዛ ምድጃዎቹ መሃል መገደሉ ያንገበግባል።

ኢንስፔክተር ኛቦል ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰች። ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ ነገር ግን ጋምቤላ ስደተኞች መጠለያ አድጋ አዲስ አበባ ስለተማረች፣ ሐበሻ ያለበት መዝገብ ሁሉ እሷ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል። አለቃዋ ሬሳውን ሳያይ በስልክ ፈርዶ ጨርሷል።

«ግቢው ውስጥ የነበረው በያጁ ብቻ ነው። አምጪውና ካላስ፣ አለቀ!»

«እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ይስጡኝ» አለችው።

በያጁ አሞጽ እጁ በካቴና ታስሮ በሩ ሥር ተቀምጧል። ከንፈሩ ደርቋል።

«ስንት ሰዓት ገባህ?»

«አምስት ሰዓት ተኩል። ጠዋት ምድጃ ላደርስ ረጃፍ ሄጄ ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚህ ፊት ለፊት ስበይድ ነበርኩ።»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ጓሮ አልገባህም?»

«ቅዳሜ ጋሼ ይጾማል። ከጸሎት ለሚመለሰው ሰው የተጣደውን ምሳ እያዞረ አጠገቡ ሲጸልይ ይውላል። የቆርቆሮው በር ከተዘጋ ማንም አይከፍትም፤ ሚስቱም ብትሆን።» የታሰሩ እጆቹን አነሳ። «ልጄ ገና አርባ ቀኗ አልሞላም። እዚያ እስር ቤት ከገባሁ መቼ እንደምወጣ ማን ያውቃል?»

ኛቦል እዚያ የገባ ሰው ፋይሉ ሲጠፋ፣ ሰውየውም አብሮ ሲረሳ አይታለች።

ወደ ጓሮ ገባች። ከተገለበጠው ሳህን ሌላ ሁለት ምድጃዎች ቆመዋል። አንዱ ውስጡ ጥቁር የተቀባ፣ መስታወት የተከደነ ሳጥን ነው፤ ከኋላው የቆመው አንጸባራቂ ክዳን ብርሃኑን ወደ ውስጥ ይመልሳል። ሌላው በአልሙኒየም ወረቀት የተለበጠ ተጣጣፊ ካርቶን ሲሆን፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ድስት በላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ካርቶኑን ታውቀዋለች። መጠለያ ሳሉ እናቷ በእንዲህ ያለው ታበስል ነበር፤ በየሰዓቱ ማዞር ደግሞ የኛቦል ሥራ ነበር። በጨዋታ የረሳች ቀን ቤተሰቡ ጥሬ ሩዝ በልቶ አድሯል።

ሬሳውን ያገኘው ባምላክ ጥላ ሥር ቆሟል። የከፈለ ሸሪክ ነው፤ ሽያጩን የሚመራው እሱ ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የረጋ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤያቸውም ሽማግሌ ነው።

«ከአምስት ሰዓት ጀምሮ አማራት ሰፈር ጸሎት ላይ ነበርኩ፤ መቶ ሰው ይመሰክራል። እንዳለቀ ከሁሉ ቀድሜ መጣሁ። ወንድሜን እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«የነኩት ነገር አለ?»

«ምንም! ወዲያው ፖሊስ ጠራሁ። ደግሞ ምድጃዎቹን ይዩአቸው፤ ሁለቱም ዞረው ወደ ፀሐይዋ ነው የሚያዩት። እስከ ሰባት ሰዓት በሕይወት ነበረ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ የነበረው ማን ነው?» ወደ አሞጽ አየና ራሱን ነቀነቀ። «እኔ በማንም አልፈርድም።»

ኛቦል ከኪሷ እርሳስ አውጥታ በሳጥኑ መስታወት ላይ አቆመች። የእርሳሱ ጥላ ወደ ክዳኑ ቀጥ ብሎ በመሄድ ፈንታ ወደ ምሥራቅ አጋደለ። በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ቀጥላ መስታወቱን ከፍታ ውስጡ ካለው ድስት አንድ ፍሬ ቦሎቄ አወጣችና አኘከችው። ቀጭ አለ። ካርቶኑ ላይ ካለው ድስት ሩዝም ቀመሰች፤ ልቡ አልበሰለም።

የሟች ሚስት ፀዳለ ኮኞ ኮኞ ገበያ ካለው ሱቋ በቦዳቦዳ ሞተር ስትከንፍ መጣች። እንባዋ እስኪያባራ ኛቦል አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።

«ማሌሽ እህቴ፣ አይዞሽ። ቦሎቄውን ማን ጣደው?»

«እኔ ነኝ። ዘፍዝፌ አሳድሬው ሁለት ሰዓት ላይ ጥጄ ሄድኩ። የሚያዞረው እሱ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ አንድ ቅዳሜ እንኳ ጥሬ ሆኖ አያውቅም።»

«ሰሞኑን የሚያስጨንቀው ነገር ነበር?»

«የረጃፏ ሰዓዳ ዓይኗን አጣች፤ እኛ በሸጥንላት ሳህን። ሳህን ብርሃኑን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይሰበስባል፤ ማንቆርቆሪያ በአሥር ደቂቃ ያፈላል። የድሮው ጎድጓዳ ስለነበር ነጸብራቁ ከከንፈሩ በታች ይቀራል፣ ዓይን አያገኝም። ባምላክ ለመጫን ይቀላል ብሎ ዝርግ አስደረገው፤ አሞጽ ቀጠቀጠው። ከዚያ ወዲህ ከፈለ እንቅልፍ አልነበረውም። ‹እሁድ ጉባኤ ፊት ቆመን እንናገራለን› ይለኝ ነበር።»

እሁድ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ኛቦል ሦስቱንም ጓሮ ሰበሰበቻቸው። አሞጽ ከነካቴናው መጣ፤ ፊቱ በአንድ ሌሊት አርጅቷል። ባምላክ ለአምልኮ ለብሶ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ፀዳለ በኛቦል ልመና፣ ምክንያቱን ሳትጠይቅ፣ ቦሎቄ በሳጥኑ ጥዳለች።

«አንድ ነገር አድርጉልኝ» አለች ኛቦል። «ድስቱን ጥዳችሁ ለሁለት ሰዓት ልትሄዱ ነው እንበል። ተራ በተራ ሳጥኑን አስቀምጡልኝ።»

ፀዳለ ፀሐይዋን ቀና ብላ እንኳ አላየችም። ሳጥኑን ከፀሐይዋ አሳልፋ ወደ ደቡብ አዞረችው። ኛቦል መልሳ አበላሸችው። አሞጽ በታሰረ እጁና በጉልበቱ ገፍቶ ፀዳለ ያስቀመጠችበት ቦታ አደረሰው። ባምላክ በተራው ሳጥኑን ፊት ለፊት ፀሐይዋ ላይ አነጣጠረው፤ ክዳኑ ቦግ አለ።

«ይኸው! ለደንበኛ ሁሌም እንዲህ ነው የማሳየው።»

«አዎ፣ ለማሳየት ያምራል» አለች ኛቦል። «ሳህን ሳይዞር ሩብ ሰዓት እንኳ አይታገሥም፤ ካርቶን አንድ ሰዓት፤ ሳጥን ሁለት ሰዓት ያህል ይታገሣል። ለዚህ ነው አብሳይ ሰው ሳጥኑን ፀሐይዋ ወደምትሄድበት እንጂ ወዳለችበት የማያዞረው። ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ስደርስ ፀሐይዋ ሳጥኑን አልፋው ነበር። ሳጥኑ የሚያየው ከግማሽ ሰዓት በፊት የነበረችበትን ቦታ ነው። ከፈለ አዙሮት ቢሆን ገና አትደርስበትም ነበር።»

ባምላክ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ታዲያ ይሄ ምን ያሳያል?»

«ሳጥኑ የዞረው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ መሆኑን። ያን ጊዜ ከፈለ ሞቷል፤ አጠገቡ የነበሩት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ምንም አልነካሁም አሉኝ፤ ግን እርስዎ ጸሎት ላይ ሳሉ የሞተ እንዲመስል አዞሩት።»

«አሞጽም እኮ ግቢው ውስጥ ነበር!»

«አሞጽ እንዴት እንደሚያዞር አሁን አይተናል። ደግሞ ቦሎቄው ጥሬ ነው። እስከ ሰባት ሰዓት እየዞረ ቢውል ይበስል ነበር፤ የሚያዞረው እጅ አራት ሰዓት ገደማ ቀርቷል። አሞጽ እስከ አምስት ሰዓት ሰዓዳ ቤት ነበር። ትናንት ሄጄ ጠይቄያታለሁ። ፊቱን አታይም፤ ድምፁን ግን ታውቀዋለች። ዝርጉን ሳህን ወስዶ በምትኩ ሳጥን ሲሰጣት፣ አዟዟሩን በእጇ ሲያስዳስሳት ነበር።»

አሞጽ አንገቱን ደፋ። ይህን ያልተናገረው አፍሮ ነው፤ ሳህኑን የቀጠቀጠው የገዛ እጁ ነበርና።

«እርስዎ ጸሎት የገቡት አምስት ሰዓት ነው። አራት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

ባምላክ በሳጥኑ ጠርዝ ላይ ተደገፈ።

«ለምኜው ነበር» አለ ለፀዳለ። «በቤታችን እንጨርሰው አልኩት። ‹ነገ ጉባኤ ፊት ትቆማለህ› አለኝ። ሃያ ዓመት ሽማግሌ ሆኜ… ሻይ ሊያፈላልኝ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጎንበስ አለ። ብረቱ እጄ ላይ ነበር።»

«ሻይ ሊያፈላልህ?» አለች ፀዳለ። «እሱ ጾሞ፣ ለአንተ?»

ባምላክ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«ከዚያ ሄደህ ጸለይክ?» አለችው።

«ስለ ሰዓዳ ዓይን ነበር የጸለይነው። የመራሁት እኔ ነኝ።»

ፀዳለ አልጮኸችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ኛቦል ካቴናውን ከአሞጽ ፈትታ ባምላክ እጅ ላይ አሰረችው።

«ወደ ልጅህ ሂድ» አለችው አሞጽን።

አሞጽ ግን የእጁን አንጓ እያሻሸ ወደ ሳጥኑ ሄደ። ባምላክ ካነጣጠረበት አንስቶ ቀስ ብሎ ወደ ደቡብ፣ ፀሐይዋ ገና ወዳልደረሰችበት አዞረው።

«ተወው አሞጽዬ» አለች ፀዳለ። «ማን ሊበላው ነው?»

«ሰው ይመጣል እትዬ። ለቅሶ ነው።»

ፀዳለ ለጥቂት ጊዜ አየችው። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ሌላ ድስት ልታመጣ ወደ ቤት ገባች።