የባሻ ቢተው ስም ሲጠራ

ትርንጎ የዚያን ዕለት ጠዋት ከቤት የወጣችው እንደ ወትሮዋ እናቷን አጣጥባ፣ ገንፎ አጉርሳ፣ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሰጥታ ነው። ወይዘሮ የሺመቤት ዘጠና ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም። ከአልጋ መነሣት ካቆሙ ሁለት ወር ሆኗቸዋል፤ ከዚህ ዓለም የሚፈልጉትም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአባታቸው የባሻ ቢተው ስም ቆቅ አምባ ላይ ተጠራ ሲባል ሰምተው መሞት።

ቆቅ አምባ ጫፍ ላይ የቀኛዝማች ንጋቱ መታሰቢያ አለ። በጣሊያን ጊዜ ቀኛዝማች ከሠላሳ ሰባት ተከታዮቻቸው ጋር ጠላትን አናሳልፍም ብለው የወደቁበት ቦታ ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ሕዝቡ ይወጣና አንድ ሽማግሌ የሟቾቹን ስም ይጠራል፤ በእያንዳንዱ ስም ከዘሩ አንዱ «አለ!» ብሎ ይመልሳል። አብሯቸው የተዋጋው የባሻ ቢተው ስም ግን ተጠርቶ አያውቅም። የቀኛዝማች ሬሳ ፊቱ በቦምብ ጠፍቶ በጥቁር በርኖሳቸው ሲለይ፣ የቢተው ሬሳ ሳይገኝ ቀረ፤ ያልተገኘ ደግሞ ጓደኞቹን ሸጦ የሄደ ነው ተባለ። ወይዘሮ የሺመቤት በወንዝ ዳር፣ በሰርግ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ «የባንዳ ልጅ» እየተባሉ አረጁ።

ትርንጎ ዘንድሮም የበዓሉን ኮሚቴ ለመነች፤ ኮሚቴው ዘንድሮም እምቢ አለ። እሷም እምቢ አለች። በዓሉ ነገ ሊሆን ዛሬ፣ ጋቢዋን ደርባ፣ ብቻዋን መጣች።

ከተራራው ሥር የመታሰቢያው ጠባቂ ጋሼ ስማቸው ጎጇቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አንድ ቀን ቀደምሽ፣ ልጄ» አሏት።

«የአያቴን ስም ልጠራ ነው፣ ጋሼ። እከለክላለሁ ካሉ ይሞክሩኝ።»

«የጠራ ለራሱ አይመልስም፤ ወጉን ታውቂዋለሽ። ማን ሊመልስልሽ ነው?»

«ማንም ባይመልስ ድንጋዩ ይስማኝ!»

ሽማግሌው ተይ አላሏትም። ዱላቸውን አንሥተው ገቡና፣ ገና በጠዋቱ፣ በሩን ከውስጥ ሸጎሩት።

መንገዱ መጀመሪያ ላይ ደግ ነበር። ትናንት የዘነበው ዝናብ አፈሩን አርጥቦት ጦስኙ ከእግሯ ሥር ይሸታል፣ ከታች ከመንደሩ የወፍጮ ድምፅ ይሰማል፤ እሷም ጉልበቷን እየረገመች፣ ኮሚቴውን በየስሙ እየሰደበች ወጣች። ግማሽ ላይ ስትደርስ ወፍጮው ዝም አለ። ጉም ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መንገዱን ከኋላዋ እየጠቀለለ መጣ፣ የጦስኙ ሽታም ጠፍቶ በምትኩ የተተኮሰ ባሩድ ሸተታት። አዳኝ ይሆናል ብላ አለፈችው። ተኩስ እንዳልሰማች ትዝ ያላት ብዙ ከሄደች በኋላ ነው።

ከዚያ እግሮች ሰማች። ጫማ የሌላቸው፣ ጠጠሩን እየመረጡ የሚረግጡ እግሮች ናቸው፤ እሷ ስትቆም ይቆማሉ፣ ግን አንድ እርምጃ ዘግይተው። የገደል ማሚቶ ነው ብላ ራሷን ገሠጸች። ማሚቶ ግን በብርድ ጥርሱ አይንገጫገጭም፤ ይኸኛው ይንገጫገጫል፣ ሌሊቱን ሜዳ ላይ እንዳደረ ሰው፣ ቶሎ ቶሎ፣ ሳያቋርጥ፣ አንዳንዴ ከጀርባዋ አንዳንዴም ልክ ከጆሮዋ ሥር። ፈራች፣ መፍራቷም አናደዳት።

ጋቢዋ ከኋላ ተጎተተ። እሾህ ነው ብላ ዞረች፤ በዚያ ራቁት ዐለት ላይ ግን አንድም ቁጥቋጦ የለም፣ የጋቢዋ ጫፍም በጣት የተጨበጠ ይመስል ተጨማድዶ እርጥብ ሆኗል።

«ከበረደህ ለምነኝ!» ብላ ጉሙ ውስጥ ጮኸች። «ስትነጥቀኝ ግን ዝም አልልም!»

ጥርሱ መንገጫገጩን ለአፍታ አቆመ። ትርንጎ መመለስ ትችል ነበር። እናቷ ማታ «እህ?» ሲሏት የምትመልሰው ሲታሰባት ግን ጋቢዋን ጠበቅ አድርጋ ወደ ላይ ቀጠለች፤ እግሮቹም ተከተሏት።

የመቃብሩ ድንጋይ በብረት አጥር ተከቧል። በትልቁ የተቀረጸው የቀኛዝማች ስም ለነገው በዓል ተወልውሏል። ትርንጎ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ባሻ ቢተው አድማሱ!»

ምንም የለም። ደገመችው። ሦስተኛውን ስትጠራ ዕንባዋ ወረደ፣ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም።

«አለሁ።»

ያለው የወጣት ድምፅ ነው፣ ከእንቅልፉ እንደ ነቃ ሰው። የመጣውም ከቀኛዝማች ድንጋይ ሥር ነው።

ትርንጎ ቆማ ድንጋዩን አየች። ፊት የሌለው ሬሳ በበርኖስ ነበር የተለየው። ሰማንያ ዓመት ሙሉ አበባ ሲቀመጥለት፣ ሲዘመርለት፣ ሲለቀስለት የኖረው አያቷ ነው። ሣቋ መጣ፤ ሣቀች፣ አለቀሰች፣ ድንጋዩን በመዳፏ መታች።

«ሬሳውን በርኖሴን ያለበስኩት እኔ ነኝ» አለ ከኋላዋ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

ዞረች። ከአጥሩ ውጭ፣ ጉሙ መሐል፣ በአንድ እጀ ጠባብ ብቻ የቆመ ቀጭን ሰው ነበር፤ አንገቱን ደፍቷል፣ ፊቱ በደንብ አይታይም፤ ትርንጎም እንዲታይላት አልፈለገችም።

«ነገ ሕዝቡ ፊት እናገራለሁ!» አለችው። «ስምህን ከዚህ ድንጋይ አስፍቃለሁ! ፈሪ! ቦታውን ልቀቅለት!»

«እኔስ የት ልግባ?»

«እሱ በነበረበት! እሱ ሰማንያ ዓመት የነበረበት ቦታ አንተ ግባበት!»

ሰውየው ዕዳ እንደ ወረደለት ሰው ተነፈሰና እጁን ዘረጋ፤ ጋቢዋን ከትከሻዋ ላይ ቀስ አድርጎ፣ በትሕትና፣ አነሣው። ተከናነበው። ጥርሱ ዝም አለ።

ወደ እሷ መንደር በሚወስደው አቋራጭ ቀድሟት መውረድ ጀመረ። ትርንጎ ልትቀድመው ሮጠች፣ ጉሙ ግን መንገዱን ሸፈነባት፤ ከጉሙ ውስጥ ድምፁ፣ አሁን ሞቆት፣ የአባት ድምፅ ሆኖ መጣላት፦

«አባቷ የሺመቤትን ትቷት ሲወጣ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር፤ መልኩን አታስታውሰውም፣ አይደል?»